ተንደርበርድ በዊንዶውስ 7 ላይ አልጫን ሲል፦ ፎርማት ከማድረጋችሁ በፊት

ከደጀን እስከ ባሕር ዳር በየወረዳው ጽሕፈት ቤት፣ በየትምህርት ቤቱና በየጽሕፈት አገልግሎት ሱቁ ዊንዶውስ 7 የተጫነባቸው ኮምፒውተሮች ዛሬም ሥራ ላይ ናቸው። ዎርድና ኤክሴል ይሠራሉ፣ ፕሪንተሩም ይታዘዛል። ኢሜይል የሚያወርድ ፕሮግራም ልጫን ሲባል ግን ነገር ይበላሻል፤ ሴታፑ (የመጫኛ ፋይሉ) ተከፍቶ ይዘጋል፣ ወይም አንድ የእንግሊዝኛ ማስጠንቀቂያ ጥሎ ይቆማል። ከዚያ በኋላ የሚሰማው ምክር የታወቀ ነው፤ "ፎርማት ይደረግ።"

እባካችሁ አትቸኩሉ። ፎርማት አድርጋችሁ ዊንዶውስ 7ን ከድሮው ዲቪዲ ስትመልሱ የምታገኙት ያንኑ ዊንዶውስ 7 ነው፤ ዲቪዲው የቆየ ከሆነ ደግሞ ሰርቪስ ፓክ 1 የሚባለው የማሻሻያ ጥቅልም ሆነ ከዚያ ወዲህ የወጡት ማሻሻያዎች የሉበትም። ቅድም በአንድ ምክንያት እምቢ ያለው ፕሮግራም አሁን በሁለት ምክንያት እምቢ ይላል። ዲስኩ ላይ የተቀመጠ የዓመታት ደብዳቤም አብሮ ይሄዳል። የኢሜይል ፕሮግራም በአሮጌ ዊንዶውስ ላይ የማይጫንባቸው ምክንያቶች ጥቂት ናቸው፤ እያንዳንዱም የራሱ ምልክት አለው፤ አብዛኞቹም ያለ ፎርማት ይፈታሉ።

እዚህ በዋናነት የምንናገረው ሞዚላ ስላወጣው የኢሜይል ፕሮግራም፣ ስለ ተንደርበርድ ነው። ነጻ ነው፤ የሰርቲፊኬት (የሰርቨርን ማንነት የሚያረጋግጥ ዲጂታል መታወቂያ) ዝርዝሩንና የምስጠራ ሥራውን ከዊንዶውስ ሳይበደር ራሱ ይዞ ስለሚመጣም የዊንዶውሱ እርጅና እንደ ሌሎቹ አይጎዳውም። አውትሉክና ዊንዶውስ ላይቭ ሜይል ኋላ ይመጣሉ።

ማስጠንቀቂያውን ሳታነቡ አትዝጉ

ማስጠንቀቂያው ሲመጣ "ኦኬ" ከማለታችሁ በፊት በስልካችሁ ፎቶ አንሱት። በሽታውን የሚነግራችሁ እሱ ነው።

ፕሮግራሙ ዊንዶውስ 10 ወይም ከዚያ በላይ እንደሚፈልግ ከነገራችሁ፣ ኮምፒውተሩም ፋይሉም ደህና ናቸው፤ ያመጣችሁት ቨርዥን ነው የማይሆነው። "ፕሮሲጀር ኤንትሪ ፖይንት" የሚልና "ከርነል 32 ዲኤልኤል" የሚጠራ ከሆነም ነገሩ ያው ነው፤ አዲሱ ፕሮግራም አሮጌው ዊንዶውስ ውስጥ የሌለ አገልግሎት እየጠየቀ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሠራው ስሕተት አለ፤ የጠፋውን ዲኤልኤል (ፕሮግራሞች የሚጋሩትን የዊንዶውስ ፋይል) ከማይታወቅ ድረ ገጽ አውርዶ ሲስተሙ ፎልደር ውስጥ መክተት። ይህን በፍጹም አታድርጉ። ቢሳካ ዊንዶውሱን ያናጋል፤ ባይሳካ ቫይረስ ያስገባል።

"ኮራፕትድ" ወይም "ኢንተግሪቲ ቼክ" የሚል ቃል ካያችሁ ፋይሉ ተቆርጦ ነው የወረደው። "ኤክስ 86" እና "ኤክስ 64" እያለ የሚያወዳድር ከሆነ የ64 ቢቱን ሴታፕ በ32 ቢት ዊንዶውስ ላይ ከፍታችኋል። "ኖት ኤ ቫሊድ ዊን 32 አፕሊኬሽን" የሚለው ከሁለቱ አንዱ ሊሆን ይችላል፤ ኮምፒውተሩ ዊንዶውስ ኤክስፒ ከሆነ ደግሞ ለኤክስፒ ጨርሶ ያልተሠራ ፕሮግራም ከፍታችሁ ይሆናል። "ኤረር ኦፕኒንግ ፋይል ፎር ራይቲንግ" ማለት ሴታፑ መጻፍ የፈለገበት ቦታ ተዘግቶበታል ማለት ነው፤ ወይ ፈቃድ የለውም፣ ወይ አሮጌው ተንደርበርድ ከበስተጀርባ ክፍት ነው፣ ወይ አንቲቫይረሱ ይዞታል።

ምንም ሳይናገር ጥፍት የሚለው ነው አስቸጋሪው። እዚያ ላይ መጀመሪያ አንቲቫይረሱን፣ ቀጥሎ የቴምፕ ፎልደሩን (ጊዜያዊ ፋይሎች የሚቀመጡበትን) እንጠረጥራለን።

ትክክለኛውን ቨርዥን ማግኘት

"ኮምፒውተር" የሚለውን ምልክት ቀኝ ክሊክ አድርጋችሁ "ፕሮፐርቲስ" ግቡ። ከዚያ ገጽ ሦስት ነገር ጻፉ፤ የዊንዶውሱን ዓይነት፣ "ሰርቪስ ፓክ 1" የሚል ጽሑፍ መኖር አለመኖሩን፣ "ሲስተም ታይፕ" በሚለው መስመር ላይ ደግሞ 32 ቢት ይሁን 64 ቢት።

ለዊንዶውስ 7፣ ለ8 እና ለ8.1 የመጨረሻው ተንደርበርድ የ115 ተከታታይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው 128ም ሆነ ከእሱ በኋላ የመጡት በሙሉ ዊንዶውስ 10ን ይጠይቃሉ። ለኤክስፒና ለቪስታ የመጨረሻው 52.9.1 ነው። ስለዚህ ከተንደርበርድ ዋና ገጽ ላይ ትልቁን የማውረጃ ቁልፍ ብቻ የሚጫን ሰው፣ በተለይ በሌላ አዲስ ላፕቶፕ እያወረደ ከሆነ፣ የሚያገኘው ለዊንዶውስ 7 የማይሆነውን ነው። በአንድሮይድ ስልክ የሚያወርድ ደግሞ ወደ ስልኩ መተግበሪያ ይመራል፤ እሱ ኮምፒውተር ላይ አይጫንም።

መሄድ ያለባችሁ ወደ ሞዚላ የቆዩ ቨርዥኖች ማከማቻ ነው። "ሞዚላ አርካይቭ" ብላችሁ ፈልጉና "ፐብ"፣ "ተንደርበርድ"፣ "ሪሊዝስ" የሚሉትን ፎልደሮች ተከትላችሁ ግቡ። በ115 ከሚጀምሩት ውስጥ የመጨረሻውን ምረጡ። ዝርዝሩ የተደረደረው እንደ ፊደል ቅደም ተከተል እንጂ እንደ ቁጥር መጠን አይደለም፤ 115.9 ከ115.10 በኋላ ቢታያችሁ አዲስ መስሏችሁ አትሸወዱ። ከነጥቡ በኋላ ያለውን ቁጥር እንደ ሙሉ ቁጥር አንብቡት፤ 10 ከ9 ይበልጣል። ቁጥሩ መሐል የእንግሊዝኛው "ቢ" ፊደል ካለበት የሙከራ ቨርዥን ስለሆነ ተዉት። ውስጥ ስትገቡ "ዊን 32" እና "ዊን 64" ታገኛላችሁ። ዊንዶውሱ 32 ቢት ከሆነ ያለ ክርክር "ዊን 32"ን ውሰዱ፤ ለማጣራት ያልቻላችሁም እሱኑ ውሰዱ፤ የ32 ቢቱ በሁለቱም ላይ ይሠራልና። ከቋንቋዎቹ የአሜሪካ እንግሊዝኛውን ከፍታችሁ "ሴታፕ" የሚለውን የኢኤክስኢ ፋይል አውርዱ።

ፋይሉ ሙሉ ነው?

ሴታፑ ከ50 ሜጋባይት በላይ ነው። መስመሩ በሚቆራረጥበት ሰዓት፣ በተለይ በስልክ ሆትስፖት፣ ብራውዘሩ ግማሹን አውርዶ "ጨርሻለሁ" የሚልበት ጊዜ አለ። ፋይሉን ቀኝ ክሊክ አድርጋችሁ "ፕሮፐርቲስ" ውስጥ መጠኑን እዩና አርካይቩ ላይ ከተጻፈው ጋር አስተያዩት። 20 ወይም 30 ሜጋባይት ላይ የቆመ ፋይል ዝም ብሎ ይጣል፤ ደጋግሞ መክፈት አይሞላውም።

መጠኑ ልክ ሆኖም ውስጡ የተበላሸ ፋይል አለ፤ ይህ የሚያጋጥመው በአብዛኛው ከእጅ ወደ እጅ በዞረ ፍላሽ ነው። ለዚህ ሰቨን ዚፕ የተባለው ትንሽ ነጻ ፕሮግራም ይበቃል። ሴታፑን ቀኝ ክሊክ፣ "ሰቨን ዚፕ"፣ ከዚያ "ቴስት አርካይቭ" በሉ። የተንደርበርድ ሴታፕ ራሱን የሚፈታ የታመቀ ፋይል ስለሆነ ሰቨን ዚፕ ውስጡን ከፍቶ ይመረምረዋል፤ ስሕተት ካገኘ ይነግራችኋል። የበለጠ ለማረጋገጥ በዚያው ቀኝ ክሊክ "ሲአርሲ ሻ" ከሚለው ውስጥ "ሻ 256"ን ምረጡ፤ የሚመጣውን ረጅም ጽሑፍ፣ ማለትም የፋይሉን የጣት አሻራ፣ በአርካይቩ ቨርዥን ፎልደር ውስጥ ባለው የሻ 256 ዝርዝር ላይ ከተጻፈው ጋር አመሳክሩ። የመጀመሪያዎቹና የመጨረሻዎቹ ስምንት ስምንት ምልክቶች ከገጠሙ በተግባር በቂ ነው።

በሌላ ኮምፒውተር አውርዳችሁ በፍላሽ ካመጣችሁት፣ መጀመሪያ ወደ ዴስክቶፕ ኮፒ አድርጉትና ከዚያ ክፈቱት። ፍላሹ ላይ ያሉት ፎልደሮች ሁሉ ወደ ሾርትከት ተለውጠው ካያችኋቸው አንዱንም አትክፈቱ፤ ቫይረስ ነው። ፍላሹን በጤነኛ ኮምፒውተር ላይ ካጸዳችሁ በኋላ ፋይሉን እንደገና አምጡ።

ቀኑና ዓመቱ

በዚህ ጉዳይ ላይ ረዘም አድርገን እንቆያለን፤ ምክንያቱም ብዙ ጊዜ የሚታለፈው እሱ ነው። ተንደርበርድ ከጂሜይልም ሆነ ከያሁ ጋር ሲገናኝ በመጀመሪያ የሚያየው የሰርቨሩን ሰርቲፊኬት ነው። ሰርቲፊኬቱ የሚጀምርበትና የሚያበቃበት ቀን አለው። ኮምፒውተሩ ቀኑን ከሳተ የሚያየው ገና ያልጀመረ ወይም ያለፈበት ሰርቲፊኬት ይሆንና በሩን ይዘጋል። ማውረጃ ገጹ የማይከፈተው፣ ተጭኖ ያለቀው ተንደርበርድም አካውንቱን የማይቀበለው ብዙ ጊዜ በዚህ ነው።

ቀኑ የሚሳተው በሁለት መንገድ ነው። የመጀመሪያው የእኛው አቆጣጠር ነው። ሰው ሰዓቱን ሲያስተካክል እንደ ልማዱ 2018 ብሎ ይሞላል፤ ኮምፒውተሩ ግን የሚያውቀው የአውሮፓውያኑን ብቻ ነው። መስከረም 1 ቀን 2018 ዓ.ም. ለኮምፒውተሩ ሴፕቴምበር 11 ቀን 2025 ነው። 2018 ብላችሁ ከሞላችሁት ኮምፒውተሩ ያለው ዊንዶውስ 7 ገና ድጋፍ ላይ በነበረበት ዘመን ነው፤ የዛሬዎቹ ሰርቲፊኬቶች ለእሱ አልተወለዱም። ሒሳቡ ይህ ነው፤ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሦስተኛ ሳምንት መጨረሻ ገደማ 7 ዓመት ደምሩ፣ ከዚያ እስከ ጳጉሜን 8 ደምሩ። ሰዓቱም እንዲሁ ነው፤ ጠዋት 3 ሰዓት ለኮምፒውተሩ 9 ኤኤም ነው። የስድስት ሰዓት ስሕተት ሰርቲፊኬቱን ብዙ ጊዜ አይነካውም፤ የላካችሁት ደብዳቤ ግን ተቀባዩ ጋ ቀድሞ እንደተጻፈ ሆኖ ይደርስና ከሌሎች ሥር ይቀበራል።

ለማስተካከል ከታች በቀኝ ጥግ ያለውን ሰዓት ተጭናችሁ "ቼንጅ ዴት ኤንድ ታይም ሴቲንግስ" ግቡ። መጀመሪያ "ታይም ዞን" ላይ ዩቲሲ ፕላስ 3፣ ናይሮቢ የሚለውን ምረጡ፤ ቀጥሎ ቀኑን ከስልካችሁ የፈረንጅ ቀን ጋር አስተካክሉ። ኢንተርኔት ካለ "ኢንተርኔት ታይም" በሚለው ገጽ ራሱ እንዲያመሳስል ማድረግ ይቻላል፤ ቀኑ በዓመታት ከራቀ ግን ማመሳሰሉ እምቢ ሊል ስለሚችል በእጅ አቅርባችሁ ጀምሩ።

ሁለተኛው መንገድ የማዘርቦርዱ ባትሪ ነው። መብራት በሄደና ኮምፒውተሩ ከሶኬት በተነቀለ ቁጥር ቀኑ ወደ ድሮ ዘመን የሚመለስ ከሆነ፣ ወይም ሲነሳ "ኤፍ 1 ተጫን" ብሎ የሚያቆም ከሆነ ባትሪው አልቋል። ባትሪው ሲአር 2032 ይባላል፤ 3 ቮልት ነው፤ ክብና ጠፍጣፋ ሆኖ ከላይ የመደመር ምልክት አለው። የሰዓትና የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ሻጮች ዘንድ ይገኛል።

ከመቀየራችሁ በፊት አንድ ነገር አድርጉ፤ ባዮስ ውስጥ (ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት የሚከፈተው የኮምፒውተሩ ማስተካከያ) ግቡና ገጾቹን አንድ በአንድ ፎቶ አንሱ። በዴል ዴስክቶፖች ብዙ ጊዜ ኤፍ 2፣ በኤችፒ ኤፍ 10 ነው። ከሁሉ በላይ "ሳታ ሞድ" ወይም "ሳታ ኦፐሬሽን" በሚለው፣ ዲስኩ ከኮምፒውተሩ ጋር የሚነጋገርበትን መንገድ በሚወስነው መስመር ላይ ምን እንደተመረጠ ያዙ። ባትሪው ሲወጣ ባዮሱ ወደ ፋብሪካ አቀማመጡ ስለሚመለስ ይህ መስመር ሊለወጥ ይችላል፤ ከተለወጠ ዊንዶውሱ ሲነሳ ሰማያዊ ስክሪን አሳይቶ ራሱን ያጠፋል። ጤነኛ ኮምፒውተር "ዲስኩ ሞቷል" ተብሎ ፎርማት የሚደረገው እንዲህ ባለው ጊዜ ነው፤ መድኃኒቱ ግን መስመሩን ወደ ነበረበት መመለስ ብቻ ነው።

ፎቶውን ከያዛችሁ በኋላ ኮምፒውተሩን አጥፉ፣ ገመዱን ከሶኬት ንቀሉ፣ የማብሪያ ቁልፉን ለ10 ሰከንድ ያህል ተጭናችሁ የቀረውን ኤሌክትሪክ አስወጡ። ክዳኑን ከፍታችሁ የኮምፒውተሩን የብረት አካል በእጃችሁ ንኩ፤ ይህ ሰውነታችሁ ላይ ያለውን ስታቲክ ያወርደዋል። ባትሪውን የያዘችውን ትንሽ የብረት ምላስ በጥፍር ገፋ ስታደርጓት ባትሪው ብድግ ይላል። አዲሱን የመደመር ምልክቱን ወደ ላይ አድርጋችሁ አስገቡ። ከዚያ ባዮስ ገብታችሁ ቀኑን አስተካክሉ፣ የሳታውን መስመር ከፎቶው ጋር አስተያዩ፣ ሴቭ አድርጋችሁ ውጡ።

ፈቃድ፣ ቦታና የተጠቃሚ ስም

ሴታፑን ቀኝ ክሊክ አድርጋችሁ "ራን አዝ አድሚኒስትሬተር" በሉ። የመሥሪያ ቤት ኮምፒውተር ከሆነና ፓስዎርድ ከጠየቀ፣ ፓስዎርዱን የያዘውን የአይሲቲ ባለሙያ መጥራት ነው ያለው፤ ፓስዎርዱን ለማለፍ የሚሸጡ ሲዲዎች ጋ አትሂዱ።

ሲ ድራይቭ ላይ ቢያንስ 2 ጊጋባይት ባዶ ቦታ ይኑር። ፕሮግራሙ ራሱ ያን ያህል አይወስድም፤ ሴታፑ ግን መጀመሪያ ቴምፕ ፎልደር ውስጥ ይፈታል፣ ከዚያ ወደ ቦታው ይገለበጣል፤ ደብዳቤውም የሚወርደው እዚያው ሲ ላይ ነው። "ራን" ሳጥን ውስጥ (የዊንዶውስ ቁልፉንና የእንግሊዝኛውን "አር" አብራችሁ ስትጫኑ የሚከፈተው) በሁለት ፐርሰንት ምልክት መሐል "ቴምፕ" ብላችሁ ብትጽፉ ፎልደሩ ይከፈታል፤ ውስጡ ያለውን አጥፉ፤ ተይዟል የሚለውን እለፉት።

እኛ አገር ብቻ የሚያጋጥም የሚመስል፣ የውጭ መመሪያዎችም እምብዛም የማያነሱት አንድ ምክንያት አለ። የዊንዶውሱ ተጠቃሚ ስም በአማርኛ ፊደል ከተጻፈ የቴምፕ ፎልደሩ አድራሻ ውስጥ የግእዝ ፊደል ይገባል። የቅርብ ጊዜ ፕሮግራሞች ይህን ይችሉታል፤ የቆዩ ሴታፖች ግን ፊደሉን በጥያቄ ምልክት ይተኩትና ፎልደሩን ያጡታል። ያለ ምንም ቃል ተከፍቶ የሚዘጋ ሴታፕ ካለ ይህን ተመልከቱ። ሲ ድራይቭ ላይ በእንግሊዝኛ ፊደል "ቴምፕ" የሚል ፎልደር ፍጠሩ። "ኮምፒውተር"፣ "ፕሮፐርቲስ"፣ "አድቫንስድ ሲስተም ሴቲንግስ"፣ "ኢንቫይሮንመንት ቫርያብልስ" ግቡና ከላይ ባለው ዝርዝር "ቴምፕ" እና "ቲኤምፒ" የሚሉትን ሁለቱንም ወደዚህ አዲስ ፎልደር አዙሩ። ወጥታችሁ ስትገቡ ሴታፑን ደግማችሁ ሞክሩ። ለወደፊቱ አካውንት ስትከፍቱ ስሙን በእንግሊዝኛ ፊደል አድርጉት።

አንቲቫይረሱን ለጊዜው ማጥፋት የሚፈቀደው ሻ 256ን ካመሳከራችሁ በኋላ ብቻ ነው። ተጭኖ እንዳለቀ መልሳችሁ አብሩት።

መሐል ላይ መብራት ሲሄድ

ሴታፑ እየሠራ መብራት ከሄደ ግማሽ ፎልደር ይቀራል፤ በሚቀጥለው ሙከራም እሱ ይጋረጣል። "ኮንትሮል ፓነል" ውስጥ "አንኢንስቶል ኤ ፕሮግራም" ላይ ተንደርበርድ ካለ ከዚያ አስወግዱት። ከሌለ "ፕሮግራም ፋይልስ" ውስጥ "ሞዚላ ተንደርበርድ" የሚለውን ፎልደር በእጅ አጥፉ፤ ዊንዶውሱ 64 ቢት ከሆነ "ፕሮግራም ፋይልስ ኤክስ 86" የሚለውንም እዩ። ኮምፒውተሩን ሪስታርት አድርጋችሁ ሴታፑን እንደገና ክፈቱ።

የማይነካውን ግን እወቁ። ደብዳቤዎቹ፣ አድራሻዎቹና ፓስዎርዶቹ የሚቀመጡት ፕሮፋይል በሚባል ሌላ ፎልደር ነው፤ ቦታውም በተጠቃሚው "አፕ ዳታ"፣ "ሮሚንግ"፣ "ተንደርበርድ" ውስጥ ነው። ፕሮግራሙን ማጥፋት ፕሮፋይሉን አይነካም፤ "ሁሉንም ልጥረግ" ብሎ አፕ ዳታ ውስጥ የገባ ሰው ግን ደብዳቤውን በገዛ እጁ ያጠፋል። በፖፕ (ደብዳቤውን ከሰርቨሩ ወደ ኮምፒውተሩ በሚያወርደው መንገድ) ለሚያወርዱ ሰዎች ሰርቨሩ ላይ ቅጂ ላይኖር ስለሚችል ይህ ኪሳራ አይመለስም።

ተንደርበርድ ተጭኖ ሲከፈት "ይህ ፕሮፋይል በአዲስ ቨርዥን የተከፈተ ነው፣ አዲስ ፕሮፋይል ፍጠር" ካላችሁ፣ ፕሮፋይሉ ከሌላ ኮምፒውተር የመጣ ወይም ከ115 በላይ በሆነ ቨርዥን የተነካ ነው። "ክሪኤት ኒው ፕሮፋይል" በሉና አካውንቱን በአይማፕ (ደብዳቤውን ሰርቨሩ ላይ ትቶ በሚያመሳስለው መንገድ) አስገቡ፤ ሰርቨር ላይ ያለው ሁሉ ተመልሶ ይወርዳል። አሮጌውን ፕሮፋይል ለአዲስ ኮምፒውተር አስቀምጡት።

አውትሉክ ወይም ዊንዶውስ ላይቭ ሜይል ከሆነ

ዊንዶውስ ላይቭ ሜይል ይቅርባችሁ። ማይክሮሶፍት ድጋፉን ጃንዋሪ 10 ቀን 2017 አቁሟል፤ ትንሿ ሴታፕ ዋናውን ፋይል ከኢንተርኔት ለማምጣት ትሞክራለች፣ የምታመጣበት ቦታ ግን ተዘግቷል። የምታሳየው ስሕተት ምንም ይሁን ምክንያቱ ይህ ነው።

አውትሉክ 2019 ዊንዶውስ 7 ላይ አይጫንም። አውትሉክ 2016 ይጫናል፤ ሰርቪስ ፓክ 1 ግን ግዴታ ነው። "ኤፒአይ ኤምኤስ ዊን ሲአርቲ" ብሎ የሚጀምር ዲኤልኤል ጠፍቷል የሚል ማስጠንቀቂያ ካያችሁ ኬቢ 2999226 የሚባለው ማሻሻያ ይጎድላል። ማሻሻያዎቹ ከማይክሮሶፍት አፕዴት ካታሎግ ይገኛሉ፤ ቅደም ተከተላቸው መጠበቅ አለበት። መጀመሪያ ሰርቪስ ፓክ 1 ነው፤ ለ64 ቢት 900 ሜጋባይት፣ ለ32 ቢት 540 ሜጋባይት ገደማ ስለሆነ በዋይፋይ አውርዱት። ቀጥሎ ኬቢ 4490628፣ ከእሱ በኋላ ኬቢ 4474419። እነዚህ ሁለቱ ዊንዶውሱ ሻ 2 በሚባለው ፊርማ የተፈረሙ ፋይሎችን እንዲያውቅ ያደርጉታል፤ ያለ እነሱ እ.ኤ.አ. ከ2019 አጋማሽ ወዲህ የወጡ ማሻሻያዎች አይገቡም። በእያንዳንዱ መሐል ሪስታርት አድርጉ።

"ሌላ ፕሮግራም እየተጫነ ነው" የሚለው ስሕተት 1618 የሚፈታው አንድም በመጠበቅ አንድም በሪስታርት ነው።

ተጭኖ ፓስዎርዱን አልቀበል ሲል

ይህ የመጫን ችግር አይደለም፤ ብዙ ሰው ግን "አልተጫነም" ብሎ ይመልሰዋል። ጂሜይል የተለመደውን ፓስዎርድ ብቻ ከሚያስገቡ ፕሮግራሞች እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ አይቀበልም። በተንደርበርድ 115 ላይ "አውተንቲኬሽን ሜተድ" የሚለው "ኦአውዝ 2" መሆን አለበት፤ ሲገናኝ የጉግል መግቢያ መስኮት ይከፈታል፣ ፓስዎርዱን እዚያ ታስገባላችሁ። መስኮቱ ባዶ ሆኖ ከቀረ በተንደርበርድ የፕራይቬሲ ገጽ ላይ ኩኪዎች መፈቀዳቸውን እዩ።

በኤክስፒ ላይ ያለው 52.9.1 ወይም አውትሉክ 2010 ከሆነ ሌላው መንገድ አፕ ፓስዎርድ ነው። በስልካችሁ ጉግል አካውንት ገብታችሁ የሁለት ደረጃ ማረጋገጫውን አብሩ፤ ከዚያ አፕ ፓስዎርድ ፍጠሩ። 16 ፊደል ይሰጣችኋል፤ በተለመደው ፓስዎርድ ፋንታ እሱን አስገቡ። ያሁም አፕ ፓስዎርድ አለው። ሆትሜይልና አውትሉክ ዶት ኮም ግን ከሴፕቴምበር 16 ቀን 2024 ጀምሮ ኦአውዝን ብቻ ነው የሚቀበሉት፤ ስለዚህ በአውትሉክ 2010 ሆትሜይል ለመክፈት መታገል ጊዜ ማባከን ነው።

ፖርቶቹ (ፕሮግራሙ ከሰርቨሩ ጋር የሚገናኝባቸው የበር ቁጥሮች) እነዚህ ናቸው፦ መቀበያ በአይማፕ 993 ከኤስኤስኤል/ቲኤልኤስ (ግንኙነቱን ከሚመሰጥረው ዘዴ) ጋር፤ መላኪያ 465 ከኤስኤስኤል/ቲኤልኤስ ጋር፣ ወይም 587 ከስታርት ቲኤልኤስ ጋር። ፖርት 25ን አትሞክሩ። መሥሪያ ቤታችሁ የራሱ የቆየ ሜይል ሰርቨር ካለው፣ ሰርቨሩም ከቲኤልኤስ 1.2 በታች ብቻ የሚናገር ከሆነ ተንደርበርድ 115 አይገናኝም፤ መስተካከል ያለበት ሰርቨሩ ነው። የሰርቲፊኬት ማስጠንቀቂያ መጥቶ "ኤክሴፕሽን ልጨምር?" ቢላችሁ እሺ ከማለታችሁ በፊት ቀኑን ተመልከቱ።

ለካርዳችሁና ለደብዳቤያችሁ

አይማፕ አካውንት ሲገባ ተንደርበርድ የቆየውን ደብዳቤ ሁሉ ከነአባሪው ማውረድ ይጀምራል፤ በሞባይል ጥቅል ላይ ከሆናችሁ ጥቅሉ ባላሰባችሁት ሰዓት ያልቃል። "አካውንት ሴቲንግስ"፣ "ሲንክሮናይዜሽን ኤንድ ስቶሬጅ" ግቡና "የዚህን አካውንት ደብዳቤዎች ኮምፒውተሩ ላይ አስቀምጥ" የሚለውን ምልክት አንሱ፤ ወይም የቅርብ 30 ቀን ብቻ እንዲወርድ አድርጉ።

በኤክስፒ ላይ የአማርኛ ደብዳቤ ሳጥን ሳጥን ሆኖ ከታየ ችግሩ የኢሜይሉ አይደለም፤ ኤክስፒ የግእዝ ፎንት የለውም። አቢሲኒካ ኤስአይኤል የሚባለውን ነጻ ፎንት ጫኑ። ዊንዶውስ 7 ኒያላን ይዞ ስለሚመጣ ይህ አያጋጥመውም።

ዊንዶውስ 7 ከጃንዋሪ 14 ቀን 2020 ወዲህ መደበኛ የደኅንነት ማሻሻያ አያገኝም፤ 115ም እንዲሁ ቆሟል። በዚህ ኮምፒውተር የባንክ ሥራ አትሥሩ፤ ከማታውቁት ሰው የመጣ አባሪ አትክፈቱ። ራሙ 2 ጊጋባይትና ከዚያ በላይ ከሆነ ሊኑክስ ሚንት ኤክስኤፍሲኢ የተባለውን፣ በዊንዶውስ ፋንታ የሚሠራ ነጻ ሲስተም ከፍላሽ አስነስታችሁ ሞክሩት፤ ዲስኩን ሳይነካ ይነሳል፣ አዲሱ ተንደርበርድም በላዩ ይሠራል።

ሁሉም ነገር ከተስተካከለ በኋላ ፕሮፋይሉን ኮፒ አድርጉ። "ሄልፕ"፣ "ትራብልሹቲንግ ኢንፎርሜሽን" ውስጥ "ፕሮፋይል ፎልደር" በሚለው አጠገብ "ኦፕን ፎልደር" በሉ፤ ቦታው ይከፈታል። ተንደርበርድን ዝጉና አንድ ደረጃ ወደ ላይ ወጥታችሁ ፎልደሩን ሙሉውን ወደ ፍላሽ ገልብጡ። ፍላሹ ፋት 32 ከሆነ ከ4 ጊጋባይት በላይ የሆነ አንድ ፋይል አይቀበልም፤ ተንደርበርድ ደግሞ የአንድ ፎልደርን ደብዳቤ በሙሉ በአንድ ፋይል ስለሚያስቀምጥ ኢንቦክሱ ከዚያ ሊያልፍ ይችላል። ኮፒው መሐል ላይ "ፋይሉ ትልቅ ነው" ካላችሁ፣ ፍላሹ ላይ ያለውን ወደ ሌላ ቦታ ካዛወራችሁ በኋላ ፍላሹን በኤንቲኤፍኤስ ፎርማት አድርጉና ደግማችሁ ገልብጡ።